ከተራራ ፔግማታይት የክሪስታል ናሙና አሰባሰብ፦ ከፍለጋ እስከ መለያ ወረቀት

ክሪስታል ለመሰብሰብ ወደ ተራራ የሚወጣ ሰው ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ይጠብቁታል። አንደኛው ፍለጋው ሲሆን፣ እግር፣ ጉልበትና የሰላ ዓይን ይፈልጋል። ሁለተኛው ክሪስታሎቹ ያሉበት ክፍተት ከተገኘ በኋላ የሚመጣው ሥራ ነው፤ ይኸኛው ደግሞ ከሁሉ በላይ ዝግታን ይጠይቃል። ብዙ ጀማሪዎች ሁለተኛውንም ሥራ በመጀመሪያው ፍጥነት ስለሚሠሩት፣ ለብዙ ሚሊዮን ዓመታት ሳይነካ የኖረ ጫፍ በአንድ የዲጂኖ ምት ይረግፋል። ከዚህ ቀጥሎ የማቀርበው መመሪያ ፍለጋውንም የሚያስረዳ ቢሆንም፣ ብዙ የምቆየው እጅ ቀስ ማለት በሚገባው በዚህ ሁለተኛ ሥራ ላይ ነው።

አለቱን ማወቅ

ፔግማታይት የግራናይት የቅርብ ዘመድ ነው። ከመሬት በታች ያለው ቅልጥ አለት ቀስ በቀስ ወደ ግራናይትነት ሲጠጥር፣ ቀድመው የሚጠጥሩት ማዕድናት በውስጣቸው ቦታ የማይሰጧቸው ንጥረ ነገሮች አሉ፤ ውኃ፣ ቦሮን፣ ፍሎሪን፣ ሊቲየምና ቤሪሊየም ከእነዚህ ይጠቀሳሉ። እነዚህ በተረፈው ቅልጥ ውስጥ እየተጠራቀሙ ያቀጥኑታል፤ የሚጠጥርበትንም የሙቀት መጠን ዝቅ ያደርጉታል። እንዲህ ባለው ቅልጥ ውስጥ ክሪስታል መፈጠር የሚጀምርባቸው ነጥቦች ጥቂት ስለሚሆኑ፣ የጀመሩት ጥቂቶች ያለ ብዙ ተሻሚ ያድጋሉ። የፔግማታይት ክሪስታሎች የሚገዝፉት በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው እንጂ፣ ቀድሞ ይታሰብ እንደነበረው አለቱ እጅግ በዝግታ ስለሚቀዘቅዝ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ደቡብ ዳኮታ በሚገኘው የኤታ ማዕድን ማውጫ ርዝመታቸው ከ12 ሜትር የሚበልጥ ስፖዱሚን የተባለው የሊቲየም ማዕድን ክሪስታሎች ተገኝተዋል።

ሰብሳቢ የሚፈልገው ግን ነጻ ሆኖ ያደገውን ክሪስታል ነው። በአለቱ ውስጥ ታፍኖ ያደገ ክሪስታል ምንም ያህል ቢተልቅ ገጾቹ አያበሩም፤ ሊያወጡት ሲሞክሩም ይሰባበራል። ገጹ እንደ መስታወት የሚያበራው ክሪስታል የሚገኘው ሰብሳቢዎች «ኪስ» በሚሉት ክፍተት ውስጥ ነው። ቅልጡ ጠጥሮ ሊያልቅ ሲቃረብ በውስጡ የነበረው ውኃና ጋዝ ተለይቶ ክፍተት ይሠራል፤ ማዕድናቱም ከክፍተቱ ግድግዳ ተነሥተው ወደ ባዶው ያድጋሉ። የኪስ መጠን ጣት ከማያስገባ ቀዳዳ አንሥቶ ሰው ገብቶ ሊቀመጥበት እስከሚችል ዋሻ ይደርሳል።

እንዲህ ያሉ ኪሶች ከሚታወቁባቸው ቦታዎች መካከል የብራዚሉ ሚናስ ዠራይስ፣ ማዳጋስካር፣ የሰሜን ፓኪስታን ተራሮች፣ የአፍጋኒስታኑ ኑሪስታን እንዲሁም ኤልባይት የተባለው የቱርማሊን ዓይነት ስሙን ያገኘባት የጣሊያኗ ኤልባ ደሴት ይገኛሉ። ሁሉም ፔግማታይት አንድ ዓይነት ነገር አይሰጥም። በአሜሪካ ኮሎራዶ በፓይክስ ፒክ አካባቢ ያሉት ኪሶች አረንጓዴ ሰማያዊ አማዞናይትንና ጭስ የመሰለ ኳርትዝን ሲሰጡ፣ በዚያው ግዛት ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ማውንት አንቴሮ የቤሪል ማዕድን ሰማያዊ ዓይነት በሆነው በአኳማሪንና ቤሪሊየም ባለበት በፌናካይት ይታወቃል። የደቡብ ኢትዮጵያው ቀንጢቻ ደግሞ ስሙ የሚነሣው ከታንታለም ማዕድኑ ጋር ነው። የሚሄዱበት ቦታ ምን እንደሚሰጥ አስቀድመው ያጥኑ፤ አኳማሪን የሚፈልግ ዓይንና አማዞናይት የሚፈልግ ዓይን በተመሳሳይ ቁልቁለት ላይ የሚያዩት ነገር የተለያየ ነውና።

ከመውጣትዎ በፊት

ፈቃድ የመጀመሪያው ሥራ ነው። በብዙ አገሮች የመሬቱ ባለይዞታና ከመሬቱ በታች ላለው ማዕድን መብት ያለው አካል የተለያዩ ናቸው፤ ስለዚህ ከአንዱ ፈቃድ ማግኘት ከሌላው ነጻ አያደርግም። በተከለሉ ፓርኮች ውስጥ ድንጋይ ማንሣት በአብዛኛው የተከለከለ ነው፤ ሌላ ሰው የማዕድን ይዞታ ያስመዘገበበት ቦታም እንዲሁ አይነካም። ፈቃዱን በጽሑፍ ያግኙ፤ በእጅ መሣሪያ ብቻ ነው ወይስ በሞተር ጭምር፣ ምን ያህል መውሰድ ይቻላል፣ ናሙናውን ከአገር ማስወጣት ይፈቀዳል ወይ የሚሉት ጥያቄዎች መልስ ይኑራቸው። ያለ ፈቃድ የወጣ ናሙና ምንም ያህል ቢያምር የት እንደተገኘ በግልጽ ሊነገርለት አይችልም፤ የተገኘበት ቦታ የማይነገርለት ናሙና ደግሞ በእኔ ግምት ግማሽ ዋጋውን ያጣ ነው።

ተራራው ራሱም ሊታሰብበት ይገባል። ከ2,500 ሜትር በላይ የከፍታ ሕመም ሊያጋጥም ስለሚችል፣ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና መደናገር የተሰማው ሰው ሥራውን አቁሞ መውረድ አለበት። በብዙ ተራሮች ነጎድጓድ የሚመጣው ከቀትር በኋላ ነው፤ በመሆኑም ማለዳ ወጥቶ ከቀትር በፊት ከተጋለጠው ሸንተረር መውረድ የተለመደ ጥንቃቄ ነው። ብልጭታውን ካዩ በኋላ ነጎድጓዱ እስኪሰማ 30 ሰከንድ ካልሞላ መብረቁ ቅርብ ነውና ወዲያውኑ ይውረዱ፤ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላም 30 ደቂቃ ሳይሞላ አይመለሱ። ብቻዎን አይሂዱ፤ የት እንደሚሠሩና መቼ እንደሚመለሱም ለሚቀር ሰው ይንገሩ።

የሚይዙት ዕቃ ብዙ መሆን የለበትም። ዲጂኖ፣ ከ1 እስከ 2 ኪሎ ግራም የሚመዝን መዶሻ፣ ሁለት ወይም ሦስት መሮ፣ ጥቂት የብረት ሽብልቆች፣ አጭር ዶማና አካፋ፣ ወንፊት፣ 10 ጊዜ የሚያጎላ አጉሊ መነጽር፣ የዓይን መከላከያ መነጽር፣ ሄልሜት፣ ጓንት፣ ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ፣ ብዙ ጋዜጣና ሶፍት ይበቃሉ። መሮን ለመምታት የአናጺ ሚስማር መምቻ አይጠቀሙ፤ የአንድን መዶሻ ራስ በሌላ መዶሻ መምታትም አይገባም፤ የጠነከረ ብረት በብረት ሲመታ ስባሪው እንደ ጥይት ይፈናጠራልና። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን እኔ ከቤት ረስቼ ልወጣ የማልፈልገው ከቀርከሃ የተፈለጡ፣ ጫፋቸው የሾለ፣ እርሳስ የሚያህሉ ስንጥሮችን ነው። በኪስ ውስጥ ከሚገኙት ማዕድናት ብዙዎቹን ብረት ይጭራል ወይም ይሸርፋል፤ ቀርከሃ ግን ጭቃውን ይፍቃል እንጂ የግራናይት ዋና ማዕድን የሆነውን ፌልድስፓርን እንኳ አይጭርም።

ቁልቁለቱን ማንበብ

ፔግማታይት ሌላውን አለት ሰንጥቆ እንደ ነጭ ወይም ሮዝማ ሰንበር ተጋድሞ ይታያል፤ ውፍረቱ ከጥቂት ሴንቲ ሜትር እስከ ብዙ አሥር ሜትር ሊደርስ ይችላል። ሰንበሩ በግልጽ የሚታይበት ቦታ ግን ብዙውን ጊዜ ሌሎች ሰብሳቢዎች ቀድመው የሠሩበት ነው። ስለዚህ የሚበጀው መንገድ ከቁልቁለቱ ግርጌ ተነሥቶ ስብርባሪውን መከተል ነው። ዝናብና ውርጭ ሰንበሩን እየፈረካከሱ ጠጠሩን ወደ ታች ይለቁታል፤ ጠጠሩም እየወረደ ሲሄድ ወደ ጎን ይሰፋል። ከታች ሰፍቶ የተበተነውን ይዘው ሲወጡ መስኩ እየጠበበ ይሄዳል፤ በድንገት ጠጠሩ ከጠፋ ምንጩን አልፈውታል ማለት ነው፤ ጥቂት እርምጃ ተመልሰው መቆፈር ይጀምራሉ።

ይህን ሲያደርጉ ቀጥ ብለው ወደ ላይ አይውጡ። ቁልቁለቱን አግድም እየተመላለሱ፣ በእያንዳንዱ ምልልስ ጥቂት ሜትር ከፍ እያሉ፣ ክሪስታል ገጽ ያለው ስባሪ ባገኙበት ሁሉ ምልክት ያስቀምጡ። ምልክቶቹ ተሰብስበው ሲታዩ፣ ከታች ሰፍቶ ከላይ የጠበበ ቅርጽ ይሠራሉ። ጠርዙ የሾለ ስባሪ ከቅርብ፣ ጠርዙ የዶለዶመ ደግሞ ከሩቅ የመጣ ነው። አፈሩን ከውስጥ ወደ ውጭ የሚያወጡ ነገሮችንም ይመልከቱ፤ የጉንዳን ኩይሳ፣ የአይጥ ጉድጓድ አፍ፣ በነፋስ ተነቅሎ የወደቀ ዛፍ ሥር፣ እርስዎ ሳይቆፍሩ፣ ከ50 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት በታች ያለውን ነገር ያሳያሉ። ጠዋትና ማታ ፀሐይዋ ዝቅ ስትል የክሪስታል ገጽ ከሩቅ ያንጸባርቃልና ያን ሰዓት ለእይታ ቢጠቀሙበት መልካም ነው።

ስባሪውን በእጅ ይዞ መለየት መቻል ያስፈልጋል። ኳርትዝ ስድስት ጎን ሲኖረው ጭረቶቹ በጎኖቹ ላይ አግድም የተሰመሩ ናቸው። የቱርማሊን ጭረት ግን በርዝመቱ ይሄዳል፤ ሲያቋርጡት መስቀለኛ ገጹ ጎኖቹ ያበጡ ሦስት ማዕዘን ይመስላል። ቤሪል እንደ ኳርትዝ ስድስት ጎን ያለው ቢሆንም፣ ጎኖቹ አግድም ጭረት የላቸውም፤ ጫፉም በአብዛኛው ጠፍጣፋ ነው። ቶፓዝ በእጅ ሲይዙት ከኳርትዝ ይከብዳል፤ የኳርትዝ አንጻራዊ ጥግግት 2.65 ሲሆን የቶፓዝ 3.5 አካባቢ ነው። የጥንካሬ መለኪያም ይረዳል፦ የማዕድናትን ጥንካሬ ከ1 እስከ 10 በሚያስቀምጠው የሞህስ መለኪያ ፍሎራይት 4፣ አፓታይት 5፣ ፌልድስፓር 6፣ ኳርትዝ 7፣ ቶፓዝ 8 ነው፤ ቤሪል ደግሞ በ7.5 እና በ8 መካከል ይገኛል። ሆኖም የጥንካሬ ሙከራን በተሰበረ ቁራጭ ላይ እንጂ በደህና ገጽ ላይ በፍጹም አያድርጉ።

ሰንበሩ ከተገኘ በኋላ የሚቀረው ጥያቄ ኪሱ የት ነው የሚለው ነው። በደንብ ያደገ ፔግማታይት ከጠርዝ ወደ መካከል በንብርብር የተከፈለ ነው፤ በጠርዙ ላይ ደቃቅ፣ ወደ ውስጥ ሲገቡ እየተለቀ የሚሄድ ፌልድስፓር፣ በመካከሉ ደግሞ ብዙ ጊዜ ግዙፍ የኳርትዝ እምብርት ይገኛል። በመንገድ ላይ ከሚያዩአቸው ውብ ነገሮች አንዱ በፌልድስፓር ውስጥ ኳርትዝ ተሰካክቶ ጥንታዊ ጽሕፈት የሚመስልበት አለት ነው፤ ገጹን አርጥበው ቢያዩት አንድ የማይታወቅ ፊደል በተርታ የተቀረጸበት ይመስላል። ይህ አለት ያለበት ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ከኪሱ ገና ሩቅ ነው፤ እዚያ ላይ ጉልበትዎን አይጨርሱ። ኪሶች የሚበዙት በኳርትዙ እምብርት ዳርቻና ሰንበሩ ድንገት በሚያብጥበት ቦታ ነው።

ወደ ኪስ ሲቃረቡ አለቱ ራሱ ምልክት ይሰጣል። ጥቁሩ ቱርማሊን ከግድግዳው ቀጭን ሆኖ ይነሣና ወደ ኪሱ አቅጣጫ እየወፈረ ይሄዳል፤ ስለዚህ የወፈረው ጫፍ ወደሚያመለክትበት መቆፈር ተገቢ ነው። ነጩ ኳርትዝ ወደ ጭስማነት ይለወጣል፤ ጠጣሩ ፌልድስፓር በቀጫጭን ቅጠል ለተነባበረው ነጭ አልባይት ቦታ ይለቃል፤ ሊቲየም ባለበት ደግሞ ሐምራዊው ሌፒዶላይት ብቅ ይላል። አለቱ መሰነጣጠቅና በዝገት መቅላት ይጀምራል፤ በስንጥቁ መካከልም ቀይ ወይም ቡናማ ጭቃ ይታያል። መዶሻው ሲያርፍ ጥርት ብሎ ይጮኽ የነበረው ድምፅ ታፍኖ ከተሰማ፣ በዚያች ሰዓት መዶሻውን ያስቀምጡ።

ኪሱን መክፈት

ኪሱ የተገኘ እንደሆነ መጀመሪያ የሚሠራው ሥራ ከእሱ መራቅ ነው ብል እውነት ነው። ከኪሱ በላይና በዙሪያው ያለውን ልቅ ድንጋይና አፈር በሙሉ ያንሡ፤ ከላይ የተንጠለጠለ ቋጥኝ ካለ አስቀድሞ ይውረድ። የሚሠሩበት ቦታ ሁለት ክንድ እንደልብ የሚያዘረጋ መሆን አለበት። ከታች እየቦረቦሩ ወደ ውስጥ መግባት ብዙ ሰው የሚፈተንበት ነገር ነው፤ ነገር ግን 1 ሜትር ኩብ አፈር 1.5 ቶን ያህል ስለሚመዝን፣ የተናደ ጉድጓድ ለመውጣት ዕድል አይሰጥም። ጉድጓዱ ከ1.2 ሜትር በላይ ከጠለቀ ግድግዳውን ወደ ኋላ አዘንብለው ይቁረጡ ወይም በእንጨት ይደግፉ፤ ይህን ማድረግ ካልቻሉ ሥራው በዚያ ይቁም። ድንጋይ በሚሰብሩበት ጊዜ ሁሉ ገጹን በውኃ ያርጥቡ፤ ደቃቁን ብናኝ የሚያስቀር ጭምብልም ያድርጉ። የኳርትዝ ብናኝ ለሳንባ የማይድን ጉዳት ያደርሳል፤ ጉዳቱም የሚታየው ከዓመታት በኋላ ነው።

ከዚህ በኋላ ብረት ይቀመጥና ቀርከሃ ይነሣል። ኪሱ ብዙውን ጊዜ ባዶ አይደለም፤ በሸክላ ጭቃ፣ በአሸዋና በስብርባሪ የተሞላ ነው። ክሪስታሎቹ ካደጉ በኋላ ኪሱ በግፊት ለውጥ ወይም በመሬት መንቀጥቀጥ ተናውጦ ሊሆን ስለሚችል፣ ብዙዎቹ ከግድግዳው ተለይተው በጭቃው ውስጥ ተኝተው ይገኛሉ። ይህ ለሰብሳቢው መልካም ነው፤ ያለ መሮ ይወጣሉና። ጭቃውን ከፊት ወደ ኋላ፣ ከላይ ወደ ታች፣ በጣት ውፍረት ልክ እየፋቁ ያውጡ። ስንጥሩ ጠንካራ ነገር ሲነካ ግፊቱን ያቁሙና በነገሩ ዙሪያ ይዙሩ፤ ጫፉ ወዴት እንደሆነ ሳይታወቅ አይነቀንቁት።

እጄ ይህን የተማረው በአንድ ቶፓዝ ነው። ኪሱ የሰው ጭንቅላት የሚያህል ነበር፤ በቀይ ጭቃው ውስጥ አንድ የጠራ ጫፍ፣ የአውራ ጣት ጥፍር ያህል፣ ታየኝ። ዙሪያውን በግማሽ ብቻ ካጸዳሁ በኋላ በሁለት ጣቶቼ ይዤ በቀስታ ጠምዘዝ አደረግሁት። ትንሽ ድምፅ ተሰማኝ፤ ደረቅ ስንጥር ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት። ቶፓዝ ምንም እንኳ ጥንካሬው 8 ቢሆን፣ ከርዝመቱ ጋር በተሻገረ አንድ አቅጣጫ ላይ እንደ መጽሐፍ ገጽ የመለያየት ጠባይ አለው፤ እኔም ይህን በንባብ አውቀው ነበር። በእጄ የቀረው የላይኛው ግማሽ ነበር፤ የታችኛው በጭቃው ውስጥ ቀረ፤ የተሰነጠቀው ገጽም መስታወት ይመስል ነበር። ሌላ አሥር ደቂቃ ብቆይና የታችኛው ጭቃ እስኪለቅ ብጠብቅ ኖሮ ሙሉው ይወጣ ነበር። ከዚያ ወዲህ ክሪስታልን ስቤ አላወጣሁም፤ ዙሪያው ነጻ ሲሆን በራሱ ወደ መዳፍ ይወድቃል።

ከግድግዳው ጋር የተጣበቀውን ናሙና ለማውጣት መሮውን ከክሪስታሉ ራቅ አድርገው ይትከሉ፤ የሚበጀው ርቀት ቢያንስ የክሪስታሉን ርዝመት ያህል ነው። በአለቱ ውስጥ ካለው የተፈጥሮ ስንጥቅ ጋር ይስማሙ፤ ሽብልቁን በስንጥቁ ውስጥ አስገብተው በትንንሽ ምት፣ እያረፉ፣ ድምፁን እየሰሙ ይምቱ። ከመምታትዎ በፊት በኪሱ ውስጥ ያለውን ክሪስታል በእርጥብ ሶፍትና በጭቃ ሸፍነው ያሽጉት፤ የሚወድቅ ድንጋይ እንዳይመታው፣ እሱም ከተፈታ ወድቆ እንዳይሰበር ይረዳል። አማዞናይትና ጭስማ ኳርትዝ አብረው የተተከሉበት ቁራጭ ከሁለቱ ተነጣጥለው ከመገኘታቸው ይበልጣልና፣ ለመለየት የሚያጓጓ ቢሆንም እንዳለ ይውጣ።

ከኪሱ የሚወጣውን ጭቃ አንድ እፍኝ እንኳ አይጣሉ። በከረጢት ሰብስበው በውኃ አጠገብ፣ ወይም ወደ ቤት ወስደው በወንፊት ያጥቡት። የተሰበሩ ክሪስታሎች ሌላው ክፋያቸው እዚያው ጭቃ ውስጥ አለ፤ ምናልባት የጥፍር ያህል ቁራጭ ትሆናለች፤ ነገር ግን ሙሉ ጫፍ የምትሰጠው እሷ ናት። ከአንድ ኪስ የወጣው ሁሉ በአንድ ከረጢት ይሁን፤ ከሌላ ኪስ ጋር ከተቀላቀለ ክፋዮችን ማገጣጠም የማይቻል ይሆናል። በየደረጃው ፎቶግራፍ ያንሡ፤ ኪሱ ሳይነካ፣ በግማሽ ሲጸዳና ባዶ ሲሆን፤ በእያንዳንዱ ፎቶ ውስጥም መጠን የሚያሳይ ነገር ይኑር።

ማሸግና ማውረድ

ከቀዝቃዛ እርጥብ ጭቃ የወጣ ክሪስታል በድንገት ለፀሐይ ከተጋለጠ ሊሰነጠቅ ይችላል። ስለዚህ ጭቃውን እዚያው ለማጠብ አይቸኩሉ፤ ጭቃው ራሱ ከሁሉ የተሻለ መጠቅለያ ነው። እያንዳንዱን ቁራጭ ለየብቻ በሶፍት፣ በላዩም በጋዜጣ ጠቅልለው በጥላ ያስቀምጡ፤ ሁለት ክሪስታል በአንድ መጠቅለያ አይግባ። ጫፉ ያለበትን ወገን በወረቀቱ ላይ በቀስት ያመልክቱ። ሣጥኑ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር እንዳይኖር ክፍተቱን በወረቀት ይሙሉ፤ ሣጥኑን ሲያወዛውዙት ድምፅ ከተሰማ እንደገና ይታሸግ። ከባዱ ከታች ይሁን፤ ጀርባ ላይ የሚሸከሙትም ሲወርዱ ጉልበት እንዳይከዳ በልክ ይሁን። ከመውረድዎ በፊት ጉድጓዱን ይመልሱ፤ የላይኛውን አፈርና ሣር ወደ ቦታው ይክተቱ፤ የተከፈተ ጉድጓድ እንስሳትንም ሰውንም ይሰብራል።

እጥበት

በቤት ውስጥ ናሙናዎቹ ከነመጠቅለያቸው አንድ ወይም ሁለት ቀን ይቆዩና የክፍሉን ሙቀት ይልመዱ። ከዚያ በክፍል ሙቀት ባለ ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፈው፣ ጭቃው ሲለቅ ለስላሳ በሆነ የጥርስ ብሩሽ ይታጠቡ። ውኃው የሞቀ አይሁን፤ የሙቀት ድንጋጤ በኳርትዝ ውስጥ የነበረውን ትንሽ ስንጥቅ ይከፍተዋል። በቀጫጭን ቅጠል የሚነባበረውን ማይካ የተሸከመ ናሙና በብሩሽ ቅጠሉን ስለሚለቅ፣ በሚንጠባጠብ ውኃ ብቻ ይጽዳ።

ከእጥበት በኋላ የሚቀረው ቀይ የብረት ዝገት ነው። ለኳርትዝ፣ ለፌልድስፓርና ለቤሪል በብዛት የሚሠራበት ኦክሳሊክ አሲድ ነው፤ ነገር ግን መርዛማ በመሆኑ ጓንትና የዓይን መከላከያ ተደርጎ፣ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ፣ በፕላስቲክ ዕቃ፣ ሕፃናትና እንስሳት በማይደርሱበት ይሠራ። በተጣራ ውኃ ይበጥብጡት፤ የቧንቧ ውኃ ካልሲየም ካለበት ነጭ ዝቃጭ በናሙናው ላይ ይተክላል። በዚሁ ምክንያት ካልሳይት ወይም አፓታይት ያለበትን ናሙና በዚህ አሲድ አይንከሩ። ለቀናት ከተነከረ በኋላ ናሙናው ቢያንስ ያንኑ ያህል ጊዜ፣ ውኃው በየቀኑ እየተቀየረ፣ በንጹሕ ውኃ ይቀመጥ፤ በስንጥቅ ውስጥ የቀረ አሲድ ከደረቀ በኋላ ቢጫ ሆኖ ብቅ ይላል። ቀለል ያለ ዝገት ላለበት የሶዲየም ዳይታዮናይት ድብልቅ የተሻለ ነው፤ ናሙናውን የሚጎዳው ባነሰ መጠን ነው። ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ በቤት ውስጥ በምንም ምክንያት አይነካ፤ በቆዳ አልፎ እስከ አጥንት የሚደርስና ሰው የሚገድል ነው።

የተሰበሩት ክፋዮች ንጹሕ ከሆኑ በኋላ ይገጣጠማሉ። በአሴቶን ሊፈታ የሚችል እንደ ፓራሎይድ ቢ-72 ያለ ማጣበቂያ ይምረጡ፤ ዛሬ ያልተገኘው ሦስተኛው ክፋይ ነገ ከጭቃው ሊወጣ ይችላልና። የተጠገነ ናሙና መጠገኑ በመለያው ላይ መጻፍ አለበት፤ ይህን መደበቅ ገዢንም ተመራማሪንም ማታለል ነው።

ማስቀመጫው ከፀሐይ የራቀ ይሁን። ኩንዛይት የተባለው ሮዝ ስፖዱሚንና ቡናማ ቶፓዝ በብርሃን ይደበዝዛሉ። ጥቁርና ከባድ የሆኑ፣ በዙሪያቸው ያለውን ፌልድስፓር ያቀሉ ወይም ኳርትዙን ያጠቆሩ ቅንጣቶች ካጋጠሙ ዩራኒየም ወይም ቶሪየም ሊኖርባቸው ስለሚችል በጨረር መለኪያ ያስመርምሩ፤ ከተረጋገጠም ሰው ከሚተኛበት ክፍል ውጭ፣ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ይቀመጡ፤ ከነኩም በኋላ እጅ ይታጠብ።

መዝገብ

መዝገቡ የሚጀመረው በተራራው ላይ እንጂ በቤት አይደለም፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ የትኛው ከረጢት ከየትኛው ኪስ እንደመጣ የሚያስታውስ ሰው አላየሁም። በኪሱ አጠገብ ሳሉ የጂፒኤስ ነጥቡን፣ ከፍታውን፣ ቀኑን፣ የኪሱን መጠንና በሰንበሩ ውስጥ ያለበትን ቦታ፣ አብረው የተገኙትንም ማዕድናት በእርሳስ ይጻፉ፤ ቀለም በእርጥበት ይፈስሳል፤ እርሳስ ግን አይፈስስም። ለኪሱ ቁጥር ይስጡና ያንኑ ቁጥር በእያንዳንዱ መጠቅለያ ላይ ይድገሙት።

በቤት ውስጥ ደግሞ በናሙናው በማይታይ ወገን ላይ ጥፍር በማታህል ቦታ ቫርኒሽ ቀብተው፣ ሲደርቅ በደቃቅ ብዕር ቁጥሩን ጽፈው፣ በላዩ እንደገና ቫርኒሽ ይቀቡ። በሣጥኑ ውስጥ የሚቀመጠው ወረቀት የማዕድኑን ስም፣ የሰንበሩን፣ የተራራውን፣ የወረዳውንና የአገሩን ስም ከትንሹ ወደ ትልቁ በቅደም ተከተል፣ የተገኘበትን ቀንና የሰብሳቢውን ስም ይያዝ። ናሙናው ከሌላ ሰው እጅ የመጣ ከሆነ የቀድሞውን መለያ ወረቀት፣ ቢያረጅና ስሕተት ቢኖርበት እንኳ፣ ሳይጥሉ ከአዲሱ ሥር ያስቀምጡት።